ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በዝረራ ስለተሸነፈው ቁምሳጥን

ለተከበሩ የቦክስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይፋለሙ ስለመዘረር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ መሥሪያ ቤትዎ የጠለቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሶፋና ፍራሽ ሠርቼ የማድር፣ በወጣትነቴ ጓንት አጥልቄ ሪንግ ላይ የወጣሁ፣ ከወጣሁም በኋላ በአብዛኛው ተጋድሜ የተገኘሁ ዜጋ ነኝ። በልምምድ አዳራሽዎ መግቢያ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ፎቶግራፍ ልብ ብለው አይተውት ከሆነ፣ መሃል ላይ ቆሞ የሚታየው የቀድሞው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ አገር ምድሩ «ቁምሳጥን» እያለ የሚጠራው ጓደኛዬ ሲሆን፣ ከታች በስተግራ ጥግ የሚታዩት ሁለት እግሮች ደግሞ የእኔ ናቸው። ቀሪው ሰውነቴ ከፎቶው ውጭ ተኝቷል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እንደ ባለጉዳይ ብቻ ሳይሆን እንደ መሥሪያ ቤቱ ንብረትም ጭምር ነው።

በፌዴሬሽኑ የምሥረታ በዓል ላይ «የዘመናት ፍልሚያ» ብለው ያለፉትን ሻምፒዮኖች ከዛሬዎቹ ጋር በኮምፒውተር አጋጥመው በትልቅ ስክሪን ስላሳዩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በፀጉር ቤትና በታክሲ ውስጥ «ያኛው ቢሆን ይሄኛውን ይጥለው ነበር» እየተባለ ስንት ዘመን ያጨቃጨቀንን ጉዳይ በአንድ ከሰዓት ዘግተውልናል። ከእንግዲህ ሰው ፀጉሩን ሲስተካከል ስለ ምን እንደሚያወራ ግን አልነገሩንም። በውጤቱ መሠረት ቁምሳጥን ዛሬ ሻምፒዮን በሆነው ወጣት፣ በጄቱ፣ በሦስተኛው ዙር በዝረራ ተሸንፏል፤ የተሸናፊዎቹም ፎቶግራፍ ከግድግዳው ተነሥቶ በአሸናፊዎቹ እንዲተካ ወስነዋል። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ እየመጣ የልጆቹን ጓንት ሲያስርና የሚደበድቡትን ከረጢት ደግፎ ሲይዝላቸው የኖረው ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤቱ አልወጣም። በዚህ ምክንያት ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛው እጅን ይመለከታል። ባለሙያዎችዎ ስለ ቁምሳጥን ለኮምፒውተሩ መረጃ ሲሰጡ «ቀኝ እጁን ዝቅ አድርጎ የመያዝ ልማድ አለው፤ አገጩ ክፍት ነው» ማለታቸውን በስክሪኑ ላይ አንብበናል። ጄቱም ክፍት ነው የተባለውን አገጭ ፈልጎ አግኝቶታል። በዚያ ዘመን ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ስለነበር ባለሙያዎችዎ ያገኙት ማስረጃ ያ መግቢያው ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ብቻ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ በፎቶው ላይ ያ እጅ ዝቅ ያለው ፍልሚያው ስላለቀ ነው፤ እኔን ሊያነሳኝ ነው። ይህ ሰው የጣለውን ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ ተጎዳህ እንዴ?» እያለ የሚያነሳ፣ ዳኛው ቆጥሮ እስኪጨርስ መታገስ እያቃተውም የተገሠጸ ሰው ነበር። ስለ እጁ ማወቅ የፈለገ አገጬን ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ አገጬ እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ያውቃል። እናንተ ግን ደግነቱን ጉድለት ብላችሁ መዘገባችሁ፣ ኮምፒውተሩም በዚያው በኩል ገባበት።

ሁለተኛ፣ ጄቱ ወጌሻና አመጋገቡን የሚከታተልለት ባለሙያ እንዳለው ለኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ተነግሮታል። እሰየው ነው። ቁምሳጥን ግን ቀን ቀን ከመኪና ላይ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ውሎ ማታ ሪንግ የሚወጣ ሰው እንደነበረ፣ የሚያጠልቀውም ጓንት ከእሱ በፊት የተፋለመው ሰው ላብ ገና ያልደረቀበት እንደነበረ ለኮምፒውተሩ የነገረው የለም። ያለፈውን ከዛሬው ጋር ማጋጠም ካስፈለገ ወይ ለቁምሳጥን ወጌሻ ይቀጠርለት፣ ወይ ጄቱ ጠዋት አንድ መኪና ሲሚንቶ አራግፎ ይምጣ። ሐቁን ለመናገር፣ ሁለቱ በአንድ ዘመን ተወልደው ቢገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ እኔም አላውቅም። ማንም አያውቅም፤ ወሬው ይጥመን የነበረውም ለዚሁ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ የግሌ ስለሆነ አጭር ነው። ቁምሳጥን በሦስተኛው ዙር የሚወድቅ ተራ ቦክሰኛ ከሆነ፣ በእሱ እጅ በመጀመሪያው ዙር የወደቅሁት እኔ ምን ልባል ነው? ልጆቼ ያደጉት አባታቸውን የጣለው ሰው ማን እንደሆነ እየሰሙ ነው፤ ባለቤቴም ለእንግዳ ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ነው። መውደቅም እኮ ደረጃ አለው፤ እርስዎ ያለ ፈቃዴ ደረጃዬን ዝቅ አድርገውብኛል።

አራተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ስለሚሸሸኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ዕለት ቁምሳጥንን በክብር እንግድነት ጠርተው ከፊት ወንበር አስቀምጠውታል። የእኔን ክራባት ተውሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የልጁን ልጅ ይዞ መጥቶ ነበር። በስክሪኑ ላይ የእሱን መልክ የያዘው ሥዕል ሲዘረር አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሕፃኗ ግን እጁን ይዛ «አባባ፣ መቼ ነው የወደቅከው?» አለችው። ይህ እንዳይበቃ የመድረክ መሪው ማይክራፎን ይዞ መጥቶ ምን እንደተሰማው ጠየቀው። ቁምሳጥንም ከወንበሩ ተነሥቶ «ልጁ ጎበዝ ነው። መቼ እንደመታኝ አላየሁም» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አጠገቡ የተቀመጥሁት እኔ ግን እንዳልቀለደ አውቄያለሁ። ከዚያም ስለ መሸነፉ እቅፍ አበባ ተበረከተለት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለውን ተረት በአበባ ያሻሻሉ እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

በማግሥቱ ልጠይቀው ስሄድ መስታወት ፊት ቆሞ ቀኝ እጁን አገጩ ድረስ ከፍ አድርጎ አገኘሁት። ዞር ብሎ «እውነት ዝቅ አደርጋት ነበር?» አለኝ። በዚያች እጅ የተመታሁትን እኔኑ ጠየቀኝ። ክቡር ሆይ፣ ልቤ ተሰበረ። ሪንግ ውስጥ ማንም ያልጣለውን ሰው እናንተ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ጣላችሁት፤ ይባስ ብሎም ውጤቱን እሱ ራሱ አመነው።

አሸነፈ የተባለውም ልጅ ቢሆን ደስ አላለውም። ጄቱ ሱቄ ድረስ መጥቶ ጨርቅ ባልለበሰ ሶፋ ላይ፣ ስፕሪንጉ እየወጋው፣ ለረጅም ሰዓት ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልመታኋቸውም» አለኝ። «ጓንቴን እሳቸው እያሰሩልኝ ነው ያደግኩት። ደጃቸው ድረስ ሄጄ አፍሬ ተመለስኩ።» በአንድ ፍልሚያ አሸናፊውንም ተሸናፊውንም አንገት ማስደፋት የቻለ ፌዴሬሽን የእኛ ብቻ ይመስለኛል፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ፎቶግራፉ ካለበት አይነሣ። የግድ ይነሣ ከተባለ ግን እግሮቼ በውሳኔው ስላልተስማሙ፣ ቁምሳጥን እላያቸው ላይ እንደቆመ አንድ ላይ ይላኩልኝ፤ ሱቄ ግድግዳ አላጣም። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ልከው፣ እንዳልወደቀና ልጆቹ ጓንታቸውን የሚያስርላቸው አጥተው እንደሚጠብቁት ይንገሩልኝ። ኮምፒውተሩን ይላኩ ማለቴ አይደለም፤ እግር ያለው ሰው ይላኩ።

ውድ ጊዜዎን ከስብሰባ ላይ ስለቀማሁዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወለል ላይ ተኝቼ በተማርኩት ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

በፎቶግራፉ የታችኛው ግራ ጥግ የሚገኙት እግሮች ባለቤት፣
ሶፋ ሠሪው

ግልባጭ፦
ለኮምፒውተሩ፣ ባለበት

ሳልረሳው፦ ስልክ የምትጠግነው የእህቴ ልጅ ያንኑ ጨዋታ ስልኳ ላይ ስለጫነችው እርስዎንና እኔን አጋጥመናል። ስለ እርስዎ ያገኘነው ማስረጃ በፌዴሬሽኑ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የወጣው፣ ሌሎች ያሸነፉትን ዋንጫ በሁለት እጅዎ ወደ ላይ ያነሡበት ፎቶ ብቻ ነው። ጨዋታውም «ሁለቱንም እጆቹን ከራሱ በላይ የመያዝ ልማድ አለው፤ አገጩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው» ብሎ በመጀመሪያው ዙር አስዘርሮዎታል። በራስዎ ውሳኔ መሠረት ቢሮዎ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶዎ ተነሥቶ የእኔ እንዲተካበት፣ ከተቻለም ከወገብ በላይ ያለው እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስልኩን ይዤ ቤቱ ሄጄ ለቁምሳጥን ባሳየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከዚያ ጉድ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ገና አሁን ነው። እርስዎ ተዘርረው ቁጥሩ ሲጀመር ግን ሳቁን አቋርጦ «ተጎዳ እንዴ?» አለና ሊያነሳዎት እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። ያቺኑ ቀኝ እጁን፣ ዝቅ አድርጎ።