የአባባ ሽብልቅና ነጩ ኪኒን

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ አስካለ፣

እናታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ደረትሽስ እንዴት ነው? ጾሙ አልጠናብሽም? ዳገቱን ወጥተሽ ቤተ ክርስቲያን እስክትደርሺ ስንቴ አረፍ ትያለሽ? ጉልበትሽስ፣ ዐይንሽስ፣ ያ የግራ ትከሻሽስ? ይህን ሁሉ ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ወደ ሌላው ማለፌ ነው የደብዳቤ ክፋቱ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ ሌላ የሚያመኝ የለም።

ወንድሜ ልመንህ፣ የምታነብላት አንተ ነህና ቀስ ብለህ አንብብ። የማይጥምህ ቦታ ስትደርስም እንዳትዘል፤ ጠባይህን አውቀዋለሁ።

እናታለም፣ ጅማ ዝናብ ጀምሯል። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ቡና ባንዴ አበበና ጫካው ነጭ ሆነ። ጠዋት ጉም ሲወርድበት አበባውና ጉሙ በዐይን አይለዩም፤ ሽታው ብቻ ነው የሚለያቸው። በመካከሉ ወደ ክፍል ስሄድ በሕልሜ የምሄድ ይመስለኛል። ጉሙ ገለጥ ሲል ደግሞ የአገራችን አርብ ገበያ ቁልቁል የምትታየኝ፣ አህያ እየነዱ የሚወርዱት ሰዎች ሁሉ የማውቃቸው ይመስለኛል። ከዚያ ዝናቡ ይመጣና ሁሉንም ይወስደዋል።

ባለፈው ሳምንት ልመንህ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ ደውሎልኝ ነበር። የአስሙን ፓፍ መሳብ እንደተውሽ፣ ነጩን ኪኒን ካልላክሁልሽም ሌላ መድኃኒት አልነካም እንዳልሽ ነገረኝ። ምክንያቱን የነገረኝ እየሳቀ ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ኪኒኑን ስትወስጂ በነበረ ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድ አባባ ከደጅ ሆነው በሬያችንን ቦራን ሲጠሩት ትሰሚ ነበር አሉ። ፓፉን ከጀመርሽ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፤ አንቺ ግን እስካለፈው ጥር ድረስ ጨርሰሽ አላጣሻቸውም ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ መጽሐፌን ዘግቼ አለቀስሁ።

ስለ ኪኒኑ የተማርሁትን ልንገርሽ፤ አገር ያቋረጥሁት ይህንኑ ልማር ነውና። አንድ ቀን መምህራችን ቡና ውስጥ ያለውን የሚያነቃ ነገር ሰሌዳ ላይ ሣሉልን። ካፌይን ይባላል። በዐይን አይታይም፤ ሲሣል ግን ሁለት ቀለበት ተጣብቆ፣ ከዳር ዳሩ ሦስት ትንንሽ ቅርንጫፍ አውጥቶ ነው። መምህሩ አንዷን ቅርንጫፍ በጣታቸው ደመሰሷትና ይህ ደግሞ የአስም መድኃኒት ሆነ አሉን። ያንቺው ነጭ ኪኒን ነው፣ ቴዎፊሊን። ያችን መልሰው ሣሉና ሌላዋን ደመሰሱ፤ ቸኮላት ውስጥ ያለው፣ እንቅልፍን እምብዛም የማይነካው ሆነ። ያን ጊዜ ለእኔ የታዩኝ አባባ ናቸው። ማረሻው ጠልቆ በሬዎቹን ሲያስቸግራቸው ጎንበስ ብለው አንዲት ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ መታ መታ ያደርጉ አልነበር? ሞፈሩ ያው፣ ቀንበሩ ያው፣ ቦራም ያው ቦራ፤ እርሻው ግን ሌላ ይሆን ነበር።

ሰውነታችን ውስጥ ድካም መጥቶ የሚቀመጥበት መደብ አለ በይ። ካፌይን መልኩ ድካምን ስለሚመስል ቀድሞ ይቀመጥበታል። ድካም ሲመጣ ቦታ ያጣል፤ እንቅልፍም ደጅ ቆሞ ይቀራል። ቅርንጫፍ የጎደለው ኪኒንሽም እዚያው መደብ ላይ መቀመጡን አይተውም፤ ግን የጠበበውን የደረት መንገድ ከዚያኛው ይበልጥ ይከፍታል፣ ልብንም ይበልጥ ያስጋልባል። በጥር ገበያ መሐል የወደቅሽው ለዚህ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ያዩሽ ሐኪምም ልብሽ ግልቢያውን አይችለውም ብለው በፓፍ የለወጡልሽ ለዚህ ነው። ጎህ ሲቀድ ግማሽ ነቅተሽ ግማሽ ተኝተሽ ነበር፣ እናታለም። ያነቃሽ ኪኒኑ ነው፤ ይህን አልዋሽሽም።

ነገር ግን ያንን ሥዕል ደብተሬ ላይ ደጋግሜ ሣልሁት። ቀለበቶቹም ውስጥ ቅርንጫፎቹም ላይ ቦራን የሚጠራ ድምፅ አላገኘሁም። እንዲያውም ባለፈው ቅዳሜ ወፈር ያለ ቡና ጠጥቼ እስኪነጋ ቁጭ አልሁ፤ የሚመጡ ከሆነ እኔም ልስማቸው ብዬ። ዝናቡና እንቁራሪቱ ብቻ ነበር። አልመጡም። ቀናሁብሽ፣ እናታለም፤ ምን እደብቅሻለሁ።

እዚያው ተቀምጬ ሳለ ግን የረሳሁት ነገር መጣልኝ። አባባ ለእርሻ ሲወጡ ማረሻውን በጋቢያቸው ይጠቀልሉት ነበር፤ ብረቱ በሩን ነክቶ እንዳይቀሰቅስሽ። ቦራንም የሚጠሩት አጥሩን ካለፉ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሌሊቱን ሲያስልሽ አድሮ እንቅልፍ የሚወስድሽ ወደ ንጋት እንደሆነ ያውቁ ነበራ። እኔ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ በአንድ ዐይኔ አያቸው ነበር፤ አንቺ ግን ተኝተሽ ነበርና ይህን ከቶ አላየሽም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳትነቂ የተጠነቀቁ ሰው ዛሬ በእሳቸው ምክንያት እንቅልፍ ብታጪ፣ ልብሽም ቢደክም ደስ ይላቸዋል? ድምፃቸው የጠፋው ስላልመጡ ላይሆን ይችላል። መጥተው ተኝተሽ ስላገኙሽ ይሆናል።

ስለዚህ ኪኒኑን አልላክሁልሽም። ብትቆጪኝም ተቆጪኝ። በእሱ ፋንታ አዲስ ፓፍ ልኬልሻለሁ፤ ሐኪሙ እንዳሳዩሽ አድርገሽ ሳቢው። አብራ ያለችው ትንሽ እንጨት የአባባ ሽብልቅ ናት። ካረፉ በኋላ ሳልነግርሽ ይዣት መጥቼ ነበር፤ እዚህ ወረቀቴን ነፋስ እንዳይወስድብኝ ትጫነው ነበር። ትራስሽ ሥር አድርጊያት።

የሚያደርስልሽ አብሮኝ የሚማረው የአርብ ገበያው ተሻገር ነው፤ ለፋሲካ ወደ አገር እየገባ ነው። ሳይበላ እንዳትሸኚው አልልሽም። እሱም ያንን አስቦ ነው ደብዳቤውን እኔ ላድርስ ያለው።

ልመንህን ሳሚልኝ፤ በመሳቁ አልተቀየምሁትም በይው። ባለቤቱ ዓለምጸሐይ በሰላም ትገላገል፤ ከባድ አታሸክሟት። አክስቴን ሃይማኖትን፣ ጎረቤቶቻችንንም በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ቦራንም ከቀንዱ ሥር እከክ እከክ አድርጊልኝ።

ለአባባም ሰላምታዬን አድርሺ። መጥተው ተኝተሽ ካገኙሽ እንዳይቀሰቅሱሽ። ማረሻቸውን በጋቢ እንደጠቀለሉ ጅማ ድረስ ይዝለቁ፤ እኔ ነቅቼ እጠብቃቸዋለሁ።

ልጅሽ አዜብ
ጅማ፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.