ደባሏ ቀን

ሐምሌ 14
ዝናብ። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ቁጭ ብድግ... ቤቱ ጠበበኝ።
ከሰዓት በኋላ ጊፍቲ ከነሻንጣዋ መጣች። የልጄ ልጅ። ክረምቱን እኛ ዘንድ ልትከርም። ከየካ አባዶ መገናኛ ቢሮዋ እስክትደርስ፣ በታክሲ ሰልፍ ግማሽ ዕድሜዋ አለቀ። ከእኛ ከየካ ሚካኤል ግን ቅርብ ነው።
"አባባ፣ ደባል ልሆንባችሁ ነው" አለች።
"ኪራዩን በሳቅ ትከፍያለሽ።"
የማርያምወርቅ ከጓዳ ሰማች። "ይኼ ሰውዬ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ አሁንም አደብ አይገዛ!" ሚስቴ ናት። ስትቆጣኝ "ይኼ ሰውዬ" ነኝ፤ ስትታረቀኝ አካሉ።
ደግሞ የምን ሰማንያ? ሃያ ነው የሚሞላኝ። ጳጉሜ 6 የተወለደ ሰው ልደቱ በአራት ዓመት አንዴ ናት። ሃያኛዋ ዘንድሮ፣ ክረምቱ ሲወጣ። ሃያ አንደኛዋስ? እንጃ... ተው አካሉ፣ ተኛ።

ሐምሌ 18
ጊፍቲ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ። አላስችል አለኝ።
"ምንድነው እንደዚህ የሚያፈጥጥብሽ?"
"የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ነው አባባ። በኢንተርኔት ነው የሚከፈተው። ማን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጨርስ... ሁሉም እዚህ ይታያል።"
"እና የማርያምወርቅ ምን ሥራ አላት?"
ቢሮዋ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ነው የሚገነባው። አንዱ ከእኛ በላይ እንጦጦ ላይ ነው፤ ሊያልቅ ነው። ችግሩ ይኼ ፕሮግራም የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ መሆኑ። የእንጦጦው ፎርማን ኢቲቻ በኛ ቀን ይጽፋል፣ ማሽኑ በፈረንጅ ይረዳል። ሰኔ ላይ ሲሚንቶ ሰው በሌለበት ቀን መጥቶ ዝናብ በላው። አለቃዋ አቶ አምሃ፣ "እስከ አዲስ ዓመት አስተካክይው፣ ካልቻልሽ ሌላ ሰው ይሠራዋል" አላት። ልጅቷ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ናት። "ሌላ ሰው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም።
መፍትሔው ፕለጊን ነው አለችኝ። ዋናው ፕሮግራም የማያውቀውን የሚያውቅ ትንሽ ፕሮግራም። ከውጭ ታመጪዋለሽ፣ ትሰኪዋለሽ፣ እዚያው ይኖራል።
"ታዲያ ደባል አትይኝም!"
ሳቀች። "በቃ ደባል ነው።"
ስሙ ጸደቀ።

ሐምሌ 24
ደባሎቹ ተጣሉ። ሦስት ፕለጊን ባንዴ አስገብታ ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። ባዶ ነጭ ገጽ። ፊቷም እንደዚያው ነጭ።
"ሁሉንም በአንድ ቀን ጓዙን አስጭነሽ አምጥተሽ ምን ትጠብቂያለሽ?" አልኳት።
"አባባ፣ እባክዎን አሁን አይደለም።"
ደግነቱ አስቀድማ የሁሉን ነገር ግልባጭ አስቀምጣ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ አስወጣቻቸው። አንዱን ታጠፋለች፣ ፕሮግራሙን ትሞክራለች... አንዱን ታጠፋለች፣ ትሞክራለች። ጥፋተኛው ማን ሆኖ ተገኘ? ገጹን የሚያሳምረው። ቀለም የሚቀባው! ስሪቱ አሮጌ ነው፣ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር አይስማማም አለች።
"ማማሩን ትተሽ አሮጌ መሆኑን አየሽበት? ለእኔም አትመለሺም" አልኳት።
ያኔ ገና ተነፈሰች።

ነሐሴ 2
ተሾምኩ! በፕሮግራሙ ውስጥ ስም አወጣችልኝ። ሥራዬ ሞካሪ። "አባባ፣ እርስዎ ነካክተውት ካልተበላሸ ማንም አያበላሸውም" አለች። ሙገሳ ነው ስድብ?
የቀን መቁጠሪያው ደባል ገብቷል። ሐምሌ፣ ነሐሴ... በኛው ፊደል። ደስ ይላል። ወዲያው ሥራ ጀመርኩ።
"ጊፍቲ ባል ትፈልግ። ማብቂያ ቀን፦ መስቀል። ደረጃ፦ አስቸኳይ።"
"ፍልሰታን ወደ አንድ ሳምንት ማሳጠር። ኃላፊ፦ የማርያምወርቅ።"
እያንዳንዱን በጻፍኩ ቁጥር ለጊፍቲ መልእክት ይሄዳል ለካ። እራት ላይ ስልኳ ሲጮህ አመሸ። የማርያምወርቅ የሷ ሲነበብላት አማተበች። "በጾም? ይኼ ሰውዬ ይቀሰፋል!"
ጊፍቲም መልሳ ሥራ ሰጠችኝ። "አባባ ጥርሳቸውን ይታዩ።" ሁኔታውን "ውድቅ" ብዬ መለስኩት።

ነሐሴ 9
ዛሬስ አበዛሁት?
ከቤት እየሠራች ነበር። ኮስተር አልኩና፣ "ጊፍቲዬ፣ ነሐሴ 31 እዚህ ላይ የለችም እኮ" አልኳት።
ብድግ! "እንዴት የለችም?" ከፈተች፣ አየች። በእርግጥም ሠላሳ ብሎ ያቆማል። ፕለጊኑን ነቀለችው፣ መልሳ ሰካችው። የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ከፍታ መስመር በመስመር ትፈልግ ገባች። ምሳም ቀረ። እኔ ጋዜጣዬን ገልብጬ ይዤ...
የማርያምወርቅ ሳህን ልታነሳ መጣች። "ምን ጠፍቶባት ነው?"
"ነሐሴ 31፣ እማማ።"
"ነሐሴ ደግሞ መቼ ሠላሳ አንድ ሆኖ ያውቃል?"
ትራስ ተወረወረብኝ። የፈረንጁ ቀን አእምሮዋ ውስጥ ደባል ገብቷል እኮ! ሳቅን። ቀድማኝ ሳቋን አቆመች።
"አባባ፣ እንጀራዬ ነው።"
ይኼ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ነሐሴ 11
አዲስ ደባል ገባ። ሥራው፦ የእኔ መልእክት ጊፍቲ ዘንድ እንዳይደርስ ማፈን። ለአንድ ሽማግሌ ሲባል!

ነሐሴ 22
ጨረሰች። አቶ አምሃ አይቶ፣ "ጎበዝ" አላት፤ ለሁሉም ሳይት ተከፈተ። ጠዋት እየዘፈነች ወጣች። የማርያምወርቅም ወሰን ሰፈር ሄዳለች፤ የእህቷ ልጅ ወልዳ ልታርሳት። ቤቱ ጭር። እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት።
ጊፍቲ የተወችልኝን አሮጌ ላፕቶፕ ከፈትኩ። ልደቴን ልይ ብዬ። ጳጉሜ 1... 4... 5... መስከረም 1።
እንዴ?
ተመለስኩ። አምስት፣ ከዚያ መስከረም። በእጄ "ጳጉሜ 6" ብዬ ጻፍኩ። ፊቴ ላይ "መስከረም 1" ብሎ ገለበጠው።
ተሳስቼ ይሆን? በጣቴ ቆጠርኩ። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ... ዘንድሮ ሉቃስ ነው። ጳጉሜ ስድስት ናት። መቼም የተወለድኩበትን ቀን አልሳሳት።
ከዚያ ያየሁት ነው ያስደነገጠኝ። የእንጦጦው ጋን ርክክብ። ትናንት ማታ ጊፍቲ ተኝታ ኢቲቻ ሲደውል ስልኳን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ተቆጣጣሪዎቹ የሚመጡት ጳጉሜ 6 ነው፣ እኔው እመዘግባለሁ ብሏል። መዝግቧል። ማሽኑ ግን መስከረም 1 ብሎ ይዞታል። ለሠራተኛው፣ ለሾፌሩ፣ ለሁሉም የሚደርሰው ይኼ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው የተዘጋ በር ሊያንኳኩ! ሠራተኞቹ ደግሞ በእንቁጣጣሽ ተራራ ሊወጡ!
ልጅቷን ያባርሯታል።

ነሐሴ 25
ዓርብ ከቢሮ በዚያው ወደ የካ አባዶ ቤቷን ልታይ ሄዳ፣ ቅዳሜና እሁድ እዚያው ነበረች። ስልኳን ባነሳች ቁጥር "አባባ ስመጣ" ትለኛለች። ዛሬ መጣች። ነገርኳት።
"ጊፍቲዬ፣ ጳጉሜ 6 የለችም።"
ቀና እንኳን አላለችም። "ነሐሴ 31ን አገኟት?"
"የምሬን ነው።"
"ያኔም የምርዎን ነበር። ደግሞ ዘንድሮ ጳጉሜ አምስት ናት።"
"ታዲያ ልደቴስ?"
ሳቀች። "አባባ ደግሞ! እሱን ቀልድ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። 'እኔ ገና አሥራ ምናምን ነኝ' ሲሉ..."
ቀልድ? ልደቴ ቀልድ ናት? የእንጦጦውን ርክክብ ላነሳ ስል እንኳን ሳቋ ዋጠኝ። በ2003ቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። በ1999ኙ ልጅ ነበረች፤ ኬኩን እንጂ ቀኑን የት ታስታውሳለች። ለነገሩ ማን ያምነኛል... የፊቴ ቅርጽ ራሱ ሳቅ ለምዷል። ኮስተር ስል ይበልጥ ይስቃሉ።
ለየማርያምወርቅ ደውዬ አስረጅ ላድርጋት? በሰማንያ ዓመቴ እውነት ለመናገር በሚስቴ ዋስትና? አላደርገውም።

ነሐሴ 26
በፕሮግራሙ ጻፍኩላት። "ስህተት፦ ጳጉሜ 6 ትጎድላለች። ደረጃ፦ አስቸኳይ።" ሦስት ጊዜ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ደባሉ እያፈነኝ ነው። ጎሽ አካሉ። በገዛ ምላስህ።
እንቅልፍ እምቢ። ይኼ ቀን ቢያልፍ እሷ ሥራ ታጣለች። እኔስ? ለሃያኛዬ ስል ክረምቱን በሙሉ ጉልበቴን እየለመንኩ ነበር። ማሽን ላይ ስጠፋ ጊዜ ምን ሆድ አስባሰኝ?

ነሐሴ 28
መገናኛ ሄድኩ። በታክሲ፣ በዝናብ፣ ወያላው "አባት ይጠጉ፣ ይጠጉ" እያለ። ጥበቃው፣ "ማንን ፈልገው ነው?" ሲለኝ እንኳን ቀልድ አልመጣልኝም።
ጊፍቲ አየችኝና ክው አለች። "እማማ ምን ሆኑ?"
"ደህና ናት። ጳጉሜ 6 ብለሽ ጻፊ።"
"አባባ!"
"አንዴ ጻፊና ከዚያ አባሪኝ። ለቀልድ ሲሆን ቤቴ እቀልዳለሁ። በዚህ ዝናብ በዚህ ጉልበት እዚህ ድረስ አልመጣም።"
አየችኝ። ጻፈች።
መስከረም 1።
ድጋሚ ጻፈች። መስከረም 1። እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።
"የእንጦጦውንም እይው" አልኳት።
አየችው። ወንበር ሳበችልኝና ቁጭ አስባለችኝ። ከዚያ ቀጥ ብላ አለቃዋ ክፍል ገባች። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰማሁ። "አቶ አምሃ፣ ጨርሻለሁ ያልኩዎት አላለቀም። የእኔ ጥፋት ነው።"
ትንሽ ጮኸባት። "ታዲያ ማን አየው?"
"አያቴ። ልደታቸው በዚያ ቀን ነው።"
ከዚያ ሰውየው ሲስቅ ሰማሁ። "በይ እስከ ርክክቡ አስተካክይው። ካልሆነ ግን..." አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ገባን።
ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ክንዴን እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀችም።

ጳጉሜ 2
የቀን መቁጠሪያውን ደባል ነቅላዋለች። ለሁሉም ሳይት ራሷ ደወለች፤ ኢቲቻ፣ "እኔማ ስድስት ብዬ ነው የጻፍኩት!" ብሎ ጮኸ።
ፕለጊኑን የሠራው ልጅ ጌድዮን ይባላል፤ አፈላልጋ አገኘችው። ምን አለ? "እኔ የጻፍኩት በ2005 ነው። ያኔ ጳጉሜ አምስት ነበረች።" ኧረ ጉድ! ልጁ ምን ያድርግ፣ አይቶ የጻፈው ያየውን ነው።
አርሞ ላከላት። ዋናው ላይ አልሰካችውም፤ መጀመሪያ ግልባጩ ላይ። "አባባ፣ ይምጡ ይሞክሩት" አለች። ጻፍኩ። ጳጉሜ 6። ጸጥ ብላ ቆመች፣ አልተገለበጠችም።
የሚያፍነኝንም ደባል አስወጣችው። ወዲያው ስልኳ መጮህ ጀመረ... ሦስቱም "ስህተት" ባንዴ ደረሷት። አነበበቻቸው። ዓይኗን ጠረገች። ጉንፋን ነው አለች።
የማርያምወርቅ ከወሰን ተመልሳለች። ነገሩን ስትሰማ፣ "ሉቃስ መሆኑን እኔን አትጠይቁኝም ነበር?" ብላ ተቆጣች።

ጳጉሜ 4
ከነገ ወዲያ። ተቀምጬ አልቀመጥ፣ ቆሜ አልቆም። ዝናቡ ባያባራስ? መኪናው ጭቃ ላይ ቢቀርስ? ጊፍቲ፣ "አባባ፣ እኔን አይደለም እንዴ የሚያስጨንቀኝ?" አለች።

ጳጉሜ 6
እስከ እኩለ ቀን በር ላይ ቆምኩ። ስልክ ተደወለ። ኢቲቻ ከእንጦጦ፦ ሰዎቹ መጡ፣ ጋኑ ተሞላ፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም፣ ፈረሙ። ጊፍቲ ከቢሮ ደውላ ጮኸች። ቅጥሯ ቋሚ ይሆናል፤ አቶ አምሃ በራሱ አፍ ነግሯታል።
ማታ ኬክ ይዛ መጣች። ሁለትና ዜሮ ሻማ። የማርያምወርቅ፣ "ስምንቱስ የት አለ?" አለች። ጊፍቲ ግን፣ "ሃያ ነው እማማ። አባባ ቀልደው አያውቁም" አለች።
ይህቺ ስድስተኛ ቀን ራሷ የዓመቱ ደባል ናት እኮ። ትመጣለች፣ ታድራለች፣ አራት ዓመት ትጠፋለች። ጊፍቲም ነገ ከበዓሉ በኋላ ወደ የካ አባዶ ትመለሳለች። ይኼን እያሰብኩ አንገቴን ደፋሁ መሰለኝ። ላፕቶፑን ፊቴ አስቀመጠች።
"አዲስ ሥራ ተሰጥቶዎታል።"
መነጽሬን አደረግሁ።
"ሃያ አንደኛ ልደት ላይ መገኘት። ኃላፊ፦ አባባ አካሉ። ማብቂያ ቀን፦ ጳጉሜ 6፣ 2011። ሁኔታ፦ ያልተጀመረ።"
ቀልድ ፈለግሁ። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አደረግሁ።
"ይኼ ሰውዬ ዝም አለ?" አለች የማርያምወርቅ።
ጊፍቲ ጣቴን እያየች ነው። "ውድቅ" እንዳልል። ወረድ አልኩና "በሂደት ላይ" የሚለውን ነካሁ።
ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ይጠዝጥዝ። ሥራ ላይ ነኝ።