ትዳሬን በስብሰባ ላፈረሱልኝ ሊቀ መንበር

ለተከበሩ የከተማችን የዕርቅ ጉባኤ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መንግሥት ሲወድቅ ስንቱ አብሮ ሲንኮታኮት፣ እርስዎ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሲሻገሩ ጉልበትዎን እንኳ እንዳላመመዎት ሰምቼ እጅግ ተደስቻለሁ። በቀድሞው ሥርዓት የተበደለ ሁሉ ሳይፈራ እንዲናገር በጋዜጣ ስለጋበዙ፣ ይኸው ሳልፈራ በዚያው ጋዜጣ መጥቻለሁ። ካላስታወሱኝ፣ እርስዎ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የፓርቲ ኮሚቴ ሊቀ መንበር በነበሩበት ዘመን የሽመና ክፍሉ መካኒክ የነበርኩት ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እንዲህ ያስለመዱን እርስዎ ነዎት።

፩. ስለ አዳራሹ ስብሰባ አመሰግናለሁ። እኛው የምንሸምነው ጨርቅ ለልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ስፈልገው ለምን እንደሚጠፋ መጠየቄ፣ ለእኔ ስለ አንዲት ቀሚስ ብቻ ነበር። ጥያቄው ሶሻሊዝምን ለመገርሰስ የተሸረበ ሴራ መሆኑን እርስዎ ባያብራሩልኝ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር።

፪. ስለ ባለቤቴ አመሰግናለሁ። በዚያው ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። በማግስቱ በተጠራው የሂስ ስብሰባ ልጃችንን አጠገቧ አስቀምጣ ተነሣችና፣ «ከዚህ አድኃሪ ጋር ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጄም ሰው ሲያጨበጭብ አይታ አብራ አጨበጨበች። ጠባቂዎች እኔን ወደ መኪናው ሲወስዱኝ፣ እርስዎ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ራሷ ናት መጥታ ያመለከተችብህ፤ እኛማ ልናልፍህ ነበር» ብለው በወንድምነት ነገሩኝ። ለመንገድ የሰጡኝ ስንቅ እሱ ነበር፤ ለብዙ ዓመት በልቼ አልጨረስኩትም።

፫. ስለ መንግሥት እርሻው አመሰግናለሁ። ጨርቁ ለምን እንደሚጠፋ ጠይቄ ስለነበር፣ ከመሠረቱ እንድማር ጥጥ ለቀማ አሰማሩኝ። ጠያቂ በሚገባበት ቀን ሌሎቹ ፊታቸውን ታጥበው በሩ ላይ ሲኮለኮሉ፣ እኔ መጋዘኑ ጀርባ ሄጄ እቀመጥ ነበር። የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ መታየት ያሳፍራል።

አንድ ቀን ማለዳ የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጠን ካድሬ ቀረ። ሬዲዮው የማርሽ ሙዚቃ ብቻ ያሰማ ጀመር። ከቀትር በኋላ ጠባቂዎቹ የደንብ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ከእኛ ከእስረኞቹ አሮጌ ሸሚዝ ይለምኑ ያዙ። ለአንዱ የእኔን ሰጠሁት። «ወዴት ልትሄድ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔ እንጃ፤ አንተስ?» አለኝ። ለዘለዓለም ይኖራል ያሉንን መንግሥት፣ በሰው ሸሚዝ ጥጥ ለጥጥ ሲሸሽ ያየሁት እንደዚያ ነው። በሩ ክፍት ነበርና እኔም ወጣሁ።

ከዚህ በታች ላለው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቤታችን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር ባለቤቴን ያገኘኋት ከከተማው ዳር፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ስትከፍት ፀጉሯ ሸብቶ፣ መነጽር አድርጋ ነበር። አየችኝና፣ «ማንን ፈለጉ?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። «ይግቡ» አለችኝ።

ሻይ አቀረበችልኝ። ልጃችን አግብታ ሩቅ አገር እንደምትኖር፣ ለባሏም አባቴ ሞቷል ብላ እንደ ነገረችው አጫወተችኝ። ከዚያ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሣ፣ «ከስብሰባው በፊት ሊቀ መንበሩ ቢሯቸው ጠርተውኝ ነበር» አለች። «‹ካላወገዝሽው ይረሸናል፤ ካወገዝሽው እርሻ ይላካል› አሉኝ። ልጠይቅዎት ሁለቴ መጥቼ ከእርሻው በር መለሱኝ። እርስዎን ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።»

እኔም እርስዎ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ያሉኝን ነገርኳት። ሻዩ እፊታችን ቀዘቀዘ። ማንን እንደምንቆጣ እንኳ አላወቅንም፤ ቁጣውን ሁሉ ለየብቻችን፣ አንዳችን በሌላችን ላይ ጨርሰነው ኖሯል።

«አንተ በይኝ እንጂ» አልኳት።

ሞከረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «አፌ እምቢ አለኝ፤ አይቀየሙኝ» አለች። እንደ እንግዳ እስከ መንገዱ ሸኝታኝ ተመለሰች።

አሁንም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፣ ስለ ጉልበት ሕመም እናወራለን፤ ሳይመሽ ወደ ተከራየኋት ክፍል እመለሳለሁ። እዚያ የማናግረው ሰው የለኝም። ለእርስዎ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው፤ ስለ ትዳራችን እንደ እርስዎ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለምና።

ጉባኤዎ የተሳካ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የሚመች እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ትሕትና ጋር፤

ቀድሞ መካኒክ፣ ቀድሞ አድኃሪ፣ ቀድሞ ባል።

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ክብርት ባለቤትዎን ገበያ አግኝቻቸው ነበር። እርስዎ በዚያ ዘመን ከሥርዓቱ ጋር በድብቅ ሲታገሉ እንደነበር ለልጆችዎ እንደሚተርኩላቸው ገልጸውልኝ፣ እኔም ያየሁት ነገር ካለ እንድነግራቸው በትሕትና ጠየቁኝ። በመንገድ ላይ ማውራቱ ነውር ስለመሰለኝ፣ ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን የዛሬውን ጋዜጣ እንዲገዙ ብቻ ነግሬአቸዋለሁ።