አንድ የሟቹ

ውድ እህቴ እታለም፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽስ ጥርስ አበቀለች ወይስ አሁንም እንደ አሮጊት በድዷ ነው የምትስቀው? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ፣ ወገቧ፣ ቁጣዋ፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ጤንነቴ ደህና ነው። ይህን የመጀመሪያውን ወረቀት ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። የየሰዉ ሰላምታ በሁለተኛው ወረቀት ግርጌ ስላለ በኋላ አንቺ ታደርሺልኛለሽ።

ልጄ ይበላል ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርምና ይበላል በያት። ሥራዬ እንደምታውቂው ታፔላ መጻፍ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የምግብ ቤት ሥራ ሲሆን ነው እጄ የሚፈታው። የምግቡን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ወይም መስታወት ላይ እጽፋለሁ፣ ምሳ ከቤቱ ነው። ያልቀመስኩትን ምግብ አልጽፍም የሚል ሕግ አውጥቼ ባለቤቶቹን ሁሉ አስቸግሬያለሁ። «ፊደል ጻፍ እንጂ ማን ብላ አለህ?» ያለኝ ሰው አለ። ቀምሼ ሳበቃ የሾርባውን ስም ከሌላው አስበልጬ በቀይ ስጽፍለት ሁለተኛ ጭልፋ ጨመረልኝ። ሆድ አምላኩ ብለሽ ያወጣሽልኝ ስም ባሕር አቋርጦም ቢሆን ተከትሎኝ መጥቷል።

ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ ባልና ሚስት የሚሠሩበት ጠባብ የሾርባ ቤት አለ። ሁለቱ ከተኳረፉ ከርመዋል። እሱ በር ላይ ሂሳብ ይቀበላል፣ እሷ ትቀቅላለች፣ መነጋገር ሲያስፈልጋቸው በደንበኛው በኩል ነው። «ለዚያ ሰውዬ ጨው አልቋል በልልኝ» ትለኛለች። እኔም ማንኪያዬን አስቀምጬ «ጨው አልቋል ተብለዋል» እላለሁ። እሱ ደግሞ «ትናንት ገዝቻለሁ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ትፈልግ በልልኝ» ይላል። በዚህ መሀል ሾርባዬ ይቀዘቅዛል። ቢቀዘቅዝም ግን ጣት ያስቆረጥማል፤ በሁለቱ መሀል ስመላለስ እንኳ ጠብታ አላስተርፍም።

ከወንዙ ዳር ደግሞ ቁጡ ባለ አሣ ቤት አለ። ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ደንበኛ ካየ ሳህኑን ከፊቱ ያነሳበታል። አንድ ቀን ከረባት ያሰረ ሰውዬ ላይ እንዲህ አድርጎ፣ ሰውዬው ደንግጦ ይቅርታ ሲጠይቅ አየሁ። እማዬን አስታወሰኝ፤ እሷም ሳትፈቅድ ማን ማንኪያ ያነሳ ነበር? ይህን ስታነቢላት መሳቋን አስተውለሽ ጻፊልኝ።

በተረፈ የትም ብገባ በመጨረሻ የማዘው ያንኑ የቤታችንን ነው። የተቀቀለ ባቄላ በሹካ ተደፍጥጦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ ዳቦው ደግሞ ጀርባው እስኪያር። ዳቦው ይረርልኝ ስል አስተናጋጆቹ ያፈጡብኛል። እኔ ግን ከልጅነቴ የለመድኩት ነውና ምን ላድርግ።

*

እታለም፣ ይህን ሁለተኛ ወረቀት ለብቻው አጥፌ የከተትኩት ለብቻሽ እንድታነቢው ነው። ከእማዬ ቤት ወጥተሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ። በሩን ዝጊና ተቀመጪ። ስለ ታላቅ ወንድማችን ስለ ጋሼ ነው።

እኔ ከቤት ስወጣ ሁላችሁም ለእንጀራ ነው የሄደው ብላችኋል። እማዬ ግን በር ላይ አንገቴን ይዛ ጆሮዬ ላይ ያለችኝን ለማንም አልተናገርኩም። «ወንድምህ ያለው እዚያው ከተማ ነው። ደብዳቤ ቢተው መብላት አይተውም። አንተ ደግሞ ሆዳም ነህ፣ ምግብ ቤት አይቀርህም። አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ትገጣጠማላችሁ፤ ያን ቀን እናትህ በሩን አልዘጋችም በለው» አለችኝ። ስለዚህ ስበላ የኖርኩት እየፈለግኩት ነው። አዲስ ቤት በገባሁ ቁጥር ከምግቡ በፊት የማየው የሰዎቹን ጀርባ ነው። ትከሻው ሰፋ ያለ፣ አንገቱን ወደ ሳህኑ ደፋ ያደረገ ሰው ሁሉ ጋሼ ይመስለኛል። ዞሬ ፊቱን ሳይ ሌላ ሰው ይሆናል፣ እኔም ሰዓት ስንት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

አንድ የማላውቀው ነገር ግን ይከተለኝ ነበር። ከፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር አስተናጋጅ ሊወስድ ሲመጣ «ሰው አለ?» ይለኛል። የለም ማለት ሲገባኝ «አለ» የሚል ቃል ከአፌ ያመልጠኛል። ወንበሩን ይተዉልኛል፣ እኔም ባዶ ወንበር እያየሁ እበላለሁ። ስጋዬ ቀድሞኝ ያወቀው ነገር ነበር መሰለኝ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ገበያው ጥግ ላለ አንድ ቤት ግድግዳ እንድጽፍ ተጠራሁ። እንደ ልማዴ አስቀድሜ ተቀመጥኩና ባቄላ፣ ሎሚ፣ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ ዳቦው ይረር አልኩት ለአስተናጋጁ። አላፈጠጠብኝም፤ ድገምልኝም አላለኝ። ወደ ኩሽናው መስኮት ዞሮ «አንድ የሟቹ!» ብሎ ጮኸ። ምን አልክ ብለው ሳቀና «የቤቱ አጠራር ነው ጌታዬ፣ እኔም መጥቼ ነው የሰማሁት። እንዲህ እያለ የሚያዝ አንድ ሰውዬ ነበር አሉ» አለኝ። ዳቦው መጣ። ጀርባው እንደ እማዬ ምድጃ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ አርሯል። የመጀመሪያዋን ቁራሽ ጎርሼ ሳህኑን ገፋ አደረግኩት። ዓለም ላይ ያረረ ዳቦ የሚወድ ሰው አንድ ብቻ ነው ወይ እያልኩ ራሴን ስሞግት ዋልኩ፤ ያን ቀን የጻፍኩት መስመርም ተንጋደደ።

ብዙ ሳይቆይ ከድልድዩ ማዶ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ፣ የአንድ ምግብ ቤት መስታወት ልጽፍ ሄድኩ። እያወቅኩ ያንኑ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ልጅ እንደ ዘበት «የሟቹ አንድ!» አለች። ይህን አጠራር ከየት አመጣችሁት ስላት «አብሳያችን ናት ከድሮ ቤቷ ይዛው የመጣችው፣ ገበያው ጥግ ትሠራ ነበር» አለችኝ። ጥሪልኝ አልኳት።

አብሳይዋ ክንዷ ላይ የዘይት ጠባሳ ያለባት ወፍራም ሴት ናት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ምግቡ ምን ጎደለው ልትል አፏን ከፍታ፣ ፊቴን ስታይ ዘጋችው። ከፊት ለፊቴ ባለው ወንበር፣ በዚያ ሁልጊዜ ባዶ በሚሆነው ላይ፣ ቁጭ አለች። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። ያ ሟች የምትሉት ሰውዬ የፊት ጥርሱ ጫፍ የተሸረፈ ነበር ወይ አልኳት። እኔው ጠያቂ፣ እኔው መላሽ ሆንኩ። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የኩሽናዬ ፍሳሽ ተደፍኖ መጥቶ ሠራልኝና ምሳ ልጋብዝህ አልኩት። ባቄላውን አዞኝ ሲያበቃ ዳቦውን አሳሪልኝ አይለኝም! እኔ ስንት ዘመን ሳበስል ዳቦ አሳርሬ አላውቅም፣ ልሰድበው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ምሳ ላይ ቀርቶ አያውቅም። ያረረውን ቅርፊት ይበላና ለስላሳውን፣ የውስጡን፣ ቆርሶ ሳህኑ ዳር ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ደሜ ፈላ። ዳቦዬን ንቆ ነው ብዬ ወጣሁና ይሄን ለማን ነው የምትተወው አልኩት። ሳቅ ብሎ፣ ለትንሹ ነው አለኝ። የትኛው ትንሹ ብለው ይስቃል።»

እታለም፣ ትንሹ ማን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። የእማዬ ምድጃ ከኋላ በኩል ሲያቃጥል ያረረውን ወደ ራሱ ስቦ «ጣዕሙ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ» ይል የነበረውን ታስታውሻለሽ። ለስላሳው የእኔ ሳህን ላይ ይወድቃል። አንቺ ለእኛ ብሎ ነው ትዪ ነበር፤ እኔ የለም ከልቡ ይወደዋል እል ነበር፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተናጨን? እኔም ከእሱ ላለማነስ ብዬ ነው ያረረውን መብላት የጀመርኩት። ለካ እኔ እዚያ የእሱን ስበላ እሱ እዚህ የእኔን ያስቀምጥልኝ ነበር።

ቦይ ውስጥ ሲሠሩ አፈሩ ተናደባቸው አለች። ጓደኛው ተርፎ፣ ለጋሼ ግን ነፍሱ ሳትወጣ አልደረሱለትም። አብሳይዋም ከቀብሩ ነበረች። «ለማን እንደምንልክ አላወቅንም፣ ስለ ቤቱ ምንም አይናገርም ነበር። በቁሙ እያለ፣ አንድ የቧንቧው እያልን ነበር ምግቡን የምንጠራው። ከሞተ በኋላ አፋችን እምቢ አለ። ሌላው ደንበኛ ደግሞ ምግቡን ለምዶታል፣ ያዛል። የሟቹ አልነው፣ እንዲሁ ቀረ» አለችኝ። ከዚያ የእኔን ሳህን፣ ያንኑ ያረረ ዳቦ፣ አየችና ተነስታ ወደ ኩሽናዋ ገባች። ለቅሶዋን ከውጭ ሆኜ ሰማሁት።

በእረፍት ቀኗ ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። ራስጌው ላይ ጓደኞቹ አጭር የቧንቧ ብረት ተክለውለታል፤ ሌላ ምንም የለም። ብሩሽና ቀለም ይዤ ሄጄ ነበር። የስንቱን ሱቅ ስም የጻፈ እጄ የገዛ ወንድሜ ስም ላይ ሲደርስ አልታዘዝ አለኝ። ብረቱን በሸሚዜ ጠርጌ ተመለስኩ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ከኋላዬ ቆሞ ፊደሌን የሚያርምልኝ ይመስለኛል። ሲያርመኝ እንዴት ያናድደኝ ነበር!

በማግስቱ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ነገሩን ሳይሰማ፣ የመስታወቱን የመጨረሻ መስመር እንድጽፍለት ጠየቀኝ። «ያቺ የባቄላ ነገር ሰው እየወደዳት ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ትግባ። ግን የሟቹ ብለን ብንጽፍ ሰው ከደጅ ይመለሳል። አንተ የፊደል ሰው ነህ፣ ስም ፈልግላት» አለኝ። ብዙም አላሰብኩ። መቃብሩ ላይ አልታዘዝ ያለኝ እጄ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ጻፈ። «የጋሼ» አልኩት።

አሁን እዚያ ቤት ምሳ ሰዓት ብትገቢ ምን እንደምትሰሚ ልንገርሽ። አይተውት የማያውቁ ሰዎች «አንድ የጋሼ!» ይላሉ፤ አብሳይዋም ከውስጥ «እየመጣ ነው!» ትላለች። እማዬ በየበዓሉ፣ በየዝናቡ፣ ኮቴ በሰማች ቁጥር የምትለው ይህንኑ አልነበረም? አንድ ቀን ሰምቼ ሳልበላ ወጣሁ። በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ። ሌላ የምሄድበት የለኝም።

እማዬን ጣሪያው የሚያፈሰውን ቤት ልቀቂና ከእኔ ጋር ኑሪ ስትያት፣ ልጄ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል ብላ እምቢ እንዳለችሽ ጽፈሽልኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳትሰማው ብትኖርስ ብዬ አስቤያለሁ። ግን ይህ ክረምት ጣሪያውን ያወርድባታል፤ ለማይመጣ ሰው ብላ እሷንም ልናጣት ነው። መርዶ ደግሞ በወረቀት አይላክም። ዝናቡ ሲያባራ እኔው መጥቼ፣ ካንቺ ጋር ሆነን፣ ቁጭ ብለን እንነግራታለን። እስከዚያ እንደምንም ብለሽ ቻይው። አልቅሰሽ ዓይንሽ ካበጠ አትሂጂባት፣ አንቺን ለማንበብ መነጽር አያስፈልጋትም። ልጄን ባረረ ዳቦ አሳደግኩት እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። ማንም ሳያስገድደው፣ በላቡ ባገኘው ብር፣ አሳሪልኝ ይል እንደነበር እኔ በአፌ እነግራታለሁ። ለስላሳውን ለማን ይተው እንደነበር ግን መንገሬን እንጃ።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለባለቤትሽ፣ ሳሉን ችላ እንዳይለው። ለትልቋ፣ ጥርስ እስክታበቅል ቆሎ አላመጣላትም፤ ለታናሿ፣ የሁለታቸውን አመጣላታለሁ። ጣሪያው ላይ ሸራ ላለበሰልን ለጎረቤታችን ለአናጢው፣ ውለታውን አልረሳም። ለእማዬ እንዲህ በያት፦ ትንሹ ልጅሽ ሊመጣ ነው። ዳቦው ካረረ እንዳትጥዪው፤ ለስላሳውን አንቺ ብዪ፣ ያረረውን የሚበላ መጥቷል ብሏል በያት።

ወንድምሽ ሆድ አምላኩ
ከድልድዩ ማዶ፣ ከመስኮቱ ጠረጴዛ
ሐምሌ 19 ቀን