ብፌው ውስጥ ያለው የሰው ሳህን

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬ ምንም የለም። እንጨት ፈለጥኩ፣ ጎድን ጠበስኩ፣ ሸጥኩ፣ እግሬን ታጠብኩ። መምህርት ኢሞጂን ግን «ምንም የለም ብለህም ቢሆን ጻፍ፣ እጅህ እንዳይዝግ» ብላለች። ይኸው ጻፍኩ። ቆንጆ ጽሑፍ ነው። በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ እንዲህ ከጻፍኩ፣ በልጅነቴ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ካሎዌይ አደባባይ ላይ ሐውልቴ ቆሞ እርግብ ሲያርፍብኝ ይውል ነበር።

የማታ ትምህርቱን ከጨረስነው ሁሉ አንደኛ የወጣው ማን ነው? አልናገርም። ራሴን ማመስገን አልወድም። (እኔ ነኝ።)

ቆይ፣ አንድ ነገርስ አለ። እትዬ ቬልማ መጥታ ነበር። የአጥር ጎረቤቴ፣ የዲያቆኑ ሚስት፣ የከተማው የጸሐፊዎች በዓል የምግብ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሚስቴ ሉርሊን ያረፈች ሰሞን ምግብ ስታመላልስልኝ ከረመችና ድንገት እግሯን ሰበሰበች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬ ምን አመጣት?

«ሆባርት፣ የበዓሉን አሳማ አንተ ነህ አይደል የምትጠብሰው?»

«ሌላ ማን ይችላል?»

«እሱስ ማንም» አለች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ የለም። ትከሻዬን አልፎ ወጥ ቤት ገብቷል። ብፌው ላይ። ከዚያ ወርዶ ብስኩት በሚባለው ውሻዬ ውሃ መጠጫ ላይ። ፊቷ ጠቆረ። ውሻ ውሃ ሲጠጣ አይታ አታውቅም?

«ውሃ ጠማኝ፣ ገብቼ ልቅዳ...»

«ተቀመጪ! እኔ አመጣለሁ።»

ዘልዬ ቀደምኳት። ብፌው ውስጥ የጥብስ ሶሴ ጠርሙሶች አሉ። በሚሲሲፒ ምድር እንደዚያ ሶስ የለም። ምስጢሩን ፈልጋ ነው። እኔን ልትሸውድ?


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

ጸጉሬን ልቆረጥ ክሊተስ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ውስጥ ያሉት ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ስለ ምን ነበር?»

«ስለ አየሩ» አለ ክሊተስ መቀሱን እያየ። በካሎዌይ ስለ አየር ድምፁን ቀንሶ ያወራ ሰው አላውቅም።

ከተማው በበዓሉ ወረቀት ተለብጧል። የደቡብ ጸሐፊዎች፣ የደቡብ ምግብ፣ የደቡብ መጠጥ። አሁን አነበዋለሁ እንግዲህ! በየዓመቱ ያው ነው። ጸሐፊዎቹ ይመጣሉ፣ ቦርቦን ይጠጣሉ፣ የእኔን አሳማ ይበላሉ፣ ስለ እናታቸው ያነባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ።

ማታ መምህርት ኢሞጂን ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል። «በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ በበዓሉ እራት ላይ ከከተማው ሰው አንድ ገጽ የምታነበው አንተ ነህ።»

እንዴት? ያ ወንበር የከንቲባው ነው። የሐኪሙ ነው። አምና የባንኩ ሰው ስለ ጽጌረዳው አንብቦ ግማሹን አስተኝቷል። ዘንድሮ የአሳማ ጠባሽ?

«ስሜን ማን ሰጠ?»

«የምግብ ኮሚቴው።»

ቬልማ! እንግዲህ እየተደገሰልኝ ነው። ሽማግሌው ተነስቶ እየተንተባተበ ሲያነብ ከተማው ሊስቅ።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

ሌባ ያዝኩ።

ከጓሮ እንጨት ይዤ ስገባ አርዴሊያ ወጥ ቤቴ ውስጥ። የቬልማ የእህት ልጅ፣ እሷም ኮሚቴ። ብፌው ወለል ብሎ ተከፍቷል። በእጇ ባለ ሰማያዊ አበባውን ሳህን ይዛ... ገልብጣ ታችውን ታያለች!

«ጋሼ ሆባርት! አንኳኩቼ ነበር እኮ... ጨው ፈልጌ...»

«ጨው ሳህን ስር ይበቅላል?»

ቀላች። መልሳ አስቀመጠችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ይህን ሳህን ትወደዋለህ?» አለች። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

«በጣም» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

የሶሱን ቅመም ወረቀት ላይ ጽፎ ሳህን ስር ለጥፎታል ብለው ነው። ሞኞች። የሶሱ ምስጢር ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ እሱን ገልብጠው ይዩ!

ሳህኖቹንማ ለምን አልወዳቸውም። ሉርሊን ስታርፍ ሰዉ የሰጠኝ ናቸው። ለሌላው ሐዘንተኛ ምግብ ይሰጣሉ። ለእኔ ከነሳህኑ! ምን ያህል ብወደድ ነው? ብፌው ሞልቶ አንዱ ስለተረፈ ለብስኩት ሰጠሁት። እኔ ራሴ የምበላው በወረቀት ሳህን ነው፣ ማን ያጥባል።

ያኔ እንዲያ የወደዱኝ ሰዎች አሁን ምን ነካቸው? ቤተ ክርስቲያን እንኳ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶውን ይውላል።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 11

የቅዳሜዋን ገጽ ጽፌ ቀደድኩ። ጽፌ ቀደድኩ። ሦስተኛዋ ትናደፋለች። ጎሽ።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 12

ገጿን ለክሊተስ አነበብኩለት። ስለ ካሎዌይ ሴቶች ነው። «ጨው ፍለጋ ገብተው ሳህን ገልብጠው የሚወጡ» የምትለው ላይ ወንበሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «የዲያቆኑ ሚስት ብትጠማ እንኳ በሰው ጓዳ በኩል ነው» የምትለው ላይም ሳቀ። መጨረሻው ላይ ግን መሳቁን ተወ። ቬልማን በስሟ ጠርቼ ሌባ ያልኩበት ነው።

«ይህን ቅዳሜ ልታነበው ነው?»

«ታዲያ ለክምችት ጻፍኩት?»

«ሆባርት... ይህን አንብበህ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?»

«ሞቼ መች አያለሁ።»

«ከመሞትህ በፊትስ? ስትታመም ማን በርህን ያንኳኳል? ብስኩት?»

ገጿን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ቢሆንም አነበዋለሁ። እነሱ ናቸው የጀመሩት።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት መስሏል። ይሁን።

የአሳማውን ቅመም ልቀላቅል ሰፊ ዕቃ አጣሁ። ባለ ሰማያዊ አበባውን አወረድኩ። አቧራ ጠጥቷል። ላጥበው ገለበጥኩት። ታች የተለጠፈች ፕላስተር አለች። ድሮም አይቻታለሁ፣ የሱቅ ዋጋ ትመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኔ ራሱ አነበባት። ሳላዘው።

አርዴሊያ።

ሁለተኛውን ገለበጥኩ። የመዘምራን መሪዋ ስም። ሦስተኛው የመምህርት ኢሞጂን! ብፌውን ሙሉ አውርጄ ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። ሁሉም ስም አለው። ከተማው በሙሉ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ተደፍቶ ተኝቷል።

ሉርሊን ትዝ አለችኝ። ቤታችን ሐዘን በደረሰ ጊዜ፣ ከቀብር በኋላ ባሉት ሰኞዎች ሳህን ተሸክማ ስትወጣ። «ወዴት?» ስላት «የሰው ሳህን ልመልስ።» ሐሜት ፍለጋ ነው እያልኩ እስቅ ነበር። «ታዲያ ምን ያከብደዋል?» ስላት «ባዶ ሳህን ይመለሳል እንዴ ሆባርት?» ትለኛለች። ሰምቻለሁ። በዚህ ገብቶ በዚያ ወጥቷል። የሳህን ነገር የሷ፣ የእሳት ነገር የኔ... በቃ።

ለምን አልጠየቁኝም? ሐዘንተኛ ሳህኑን አይጠየቅማ። ነውር ነው። እሱ ነው የሚመልሰው። እሱ ካልመለሰ ዝም ተብሎ ይቀየማል። ዝም ብለው ተቀይመው ይኼን ሁሉ ጊዜ...

ኋላ የብስኩትን ውሃ መጠጫ አነሳሁ። ፕላስተሯ በውሃ ተልጣ አልቃለች፣ አንዲት ፊደል ብቻ ቀርታለች። ቬ።

አምላኬ! ውሻው እኮ ከዲያቆኑ ሚስት ሳህን ነው የሚጠጣው።

ግን... ሳህናቸውን ከፈለጉ፣ ገጽ አንብብ ያሉኝ ለምንድነው? ከተማ መሐል ሊያዋርዱኝ ነው? ይህኛው አሁንም አልገባኝም። አላምናቸውም።


እሁድ፣ ኦክቶበር 16

ትናንት ለመጻፍ ጉልበት አልነበረኝም። ልብሴ አሁንም ጭስ ጭስ ይላል።

ረጅሙ ጠረጴዛ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዛፎቹ ስር። ባሚያው፣ የበቆሎ ዳቦው፣ የኮክ ኬኩ፣ ቀዝቃዛው ሻይ። አሳማዬ በአጥንት ላይ የቆመው በይሉኝታ ነው፣ በእጅ ነካ ሲያደርጉት ይወርዳል። እንግዶቹ ጸሐፊዎች አነበቡ። የመጀመሪያው ስለ አያቱ በቅሎ፣ በቅሎዋ ሞተች። ሁለተኛዋ ስለ አባቷ፣ አባትየው ሞተ። ሦስተኛው ሲነሳ ማን ሊሞት ይሆን እያልን ቦርቦን ቀዳን።

ከዚያ «ሆባርት!»

ተነሳሁ። ገጿ በደረት ኪሴ ነበረች። ቬልማ ፊት ለፊቴ፣ እጇን አጣምራ። አርዴሊያ መሬት መሬት ታያለች። ክሊተስ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተው፣ ተው።

ገጿን እዚያው ተውኳት። አጠገቤ ያለውን ጠረጴዛ ጨርቅ ገለጥኩ። ሳህኖቹ። ሁሉም ታጥበው፣ ሁሉም ጥብስ ሞልተው፣ ሶሴ ፈሶባቸው። ስማቸውን በአዲስ ፕላስተር ራሴ ጽፌ ጎን ላይ ለጥፌያለሁ።

«የእኔ ጽሑፍ አጭር ነው» አልኩ። «ስሙ የተጠራ መጥቶ ይውሰድ።»

አነበብኩ። «አርዴሊያ።» ማንም አልተነቃነቀም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ተነስታ መጣች። ሳህኑን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። «የእናቴ ነው እኮ ጋሼ...» ቀጥዬ ሌላዋን። ሌላዋን። ሰው እየተነሳ፣ እየተቀበለ፣ እየሳቀ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። እንግዶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ ግን ያጨበጭባሉ። ሲያጨበጭቡ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። ጭብጨባው ይገባኛል።

መጨረሻ ላይ «እትዬ ቬልማ።»

መጣች። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ውሻው የጠጣበት ነው?»

«ነው።»

«አጥበኸዋል?»

«በፈላ ውሃ። ደጋግሜ።»

«እንግዲህ እኔም ደግሜ አጥበዋለሁ» ብላ ጥብሱን በጣቷ ቀመሰች። «ሶሱ ትንሽ ጨው ይፈልጋል።» ከተማው በሳቅ ፈረሰ። እኔም።

ጠጋ አልኳት። «ስሜን ለምን ሰጣችሁ? ልትስቁብኝ አልነበረም?»

«አንተ ሰውዬ! ይኼን ሁሉ ስትጠረጥር ሳህን መሆኑን ብቻ አልጠረጠርክም? ሉርሊን ናት። ታማ ሳለች ‘ሆባርት መጻፍ ቢችል እነዚያን ጸሐፊዎች አፋቸውን ያስይዛቸው ነበር’ ትለኝ ነበር። ቻልክ ሲሉን፣ ይሞክር አልን።»

ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

ቬልማ ከወንበሯ ስር አንድ የተሸፈነ ዕቃ አወጣች። ባቄላ ያለበት፣ ጠርዙ የተሸረፈ ቢጫ ሳህን። አወቅኩት። የቤቴ ነው።

«ይሄም እኔ ጋ ነበር። እሷ ከመታመሟ በፊት ለእናቴ ለቅሶ ያመጣችው። ሳልመልስላት አረፈች፣ ኋላ ሆባርት የኔን ካልመለሰ አልመልስም ብዬ በቁጣ ያዝኩት» አለች። «እኔም ክፉ ነኝ።»

ቤት ገብቼ ባቄላውን በላሁ። ሳህኑን አጥቤ ገለበጥኩት። የፕላስተሩ ጽሑፍ የሉርሊን እጅ ነው፣ ፊደሏ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሉርሊን ይላል ብዬ ነበር።

ሆባርት ይላል።

ለካ ይኼን ሁሉ ዓመት ለቅሶ ቤት የምታዞረው የእኔን ስም ነበር። እሷ ቀቅላ፣ እሷ ተሸክማ፣ ከባቄላው ስር እኔ።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 1

የክሊተስ እናት አረፉ። ጥሩ ሴት ነበሩ፣ ቀልዴ አያስቃቸውም ነበር እንጂ።

ጎድን ጠበስኩ። ባቄላም ቀቀልኩ፣ ትንሽ አረረ፣ ከላይ ሶስ አፈሰስኩበት፣ አይታወቅም። ቢጫውን ሳህን ሞላሁ። ከመሙላቴ በፊት ፕላስተር ቆርጬ ጽፌ ታች ለጠፍኩ። በጥንቃቄ፣ ፊደሉን ትንሽ ወደ ግራ አዘንብዬ።

ክሊተስ በሩን ከፈተ። ዓይኑ አብጧል። ተቀበለኝ፣ ወደ ላይ አንስቶ ታችውን አየ።

«ሉርሊን» ብሎ አነበበ።

«አዎ» አልኩት። «እሷ ቀቀለችው፣ እኔ ተሸከምኩት።»

አቀፈኝ። ባቄላው ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ።

ሳህኑን እስኪመልስ እጠብቃለሁ። ባዶውን እንዳይሆን ግን... ክሊተስን አውቀዋለሁ። ዓይኔን ከበሩ ላይ አላነሳም።