ከአሥሩ ስምንቱ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ክፉ ወገብሽስ ለቀቀሽ? የእማዬ ዓይን ተሻለው ወይ? ትልቁ ልጄ እንዳያስቸግርሽ፤ ቢያስቸግርሽም አንቺ እንደማትምሪው አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ትንሿ ልጄ ጉንጬ ጉበቷ ላይ ያለው እጢ ካንሰር መሆኑን ስነግርሽ ስልኩ ተቋረጠ። የቀረውን ልጻፍልሽ። ሐኪሙ እንደሷ ካሉት ልጆች ከአሥሩ ስምንቱ ይድናሉ አለኝ። መድኃኒቱ እጢውን ሲያሳንሰው ቆርጠው ያወጡታል፤ የቀረው ጉበት ተመልሶ ያድጋል አለ። አላለቀስኩም። እሺ ብዬ የሹራቤን ቁልፍ ቆለፍኩ።

እኛ ፋብሪካ ሸሚዝ የሚታሰረው አሥር አሥር ሆኖ ነው። ከአንዱ እስር ሁለት ብልሽት ከወጣ፣ ስንፍናዋ አገር ያወቀው ተቆጣጣሪያችን የብልሽቱ ድርሻ ወጣ ብላ የቀረውን ሳታይ ታሳልፈዋለች። እኔም እዚህ ክፍል እንደገባሁ አልጋ ቆጠርኩ፤ አሥር ነው። ባለፈው ሳምንት በሩ አጠገብ የነበረችው ሕፃን አረፈች። ትናንት ጠዋት ደግሞ ከጎናችን የነበረው ልጅ። ምን እንዳልኩ ልንገርሽ እትዬ፤ ሁለቱ ወጡ፣ የእኔ አለፈች አልኩ። ደስ እንኳ አላለኝም፤ ትንፋሼ ብቻ ወረደ።

ለነርሷ ብነግራት አልተቆጣችኝም። እዚህ የተኙት ሁሉ የጉበት አይደሉም፣ ቁጥሩም ከስንትና ስንት ልጅ የተሰበሰበ ነው፣ የሌላው መሞት ለልጅሽ ምንም አይቀንስላትም አለችኝ። ገባኝ። ቢገባኝም ምንም አልተሰማኝም።

ከሰዓት በኋላ የልጁ እናት ብርድ ልብሱን ልትወስድ መጣች። አጣጥፋ ስትጨርስ ወደ እኛ ዞራ ጉንጬን መላጣዋን ሳመቻትና፣ አንቺ እንኳ ለእናትሽ ትረፊላት አለቻት። እኔ እግዜር ያጽናሽ ማለት አቃተኝ። ልጇን ቆጥሬዋለሁና።

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። የጉንጬ ጉንጭ አልቆ ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጄን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ እህትህ ብስክሌቴን እንዳይነካ ብላለች በዪው። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጉንጬ ሾርባ ጠጣች በያት፤ እውነት ነው፣ ሁለት ማንኪያ ጠጥታለች። ከአሥሩ ስምንቱ ይድናሉ ግን አትበያት። እማዬ የምትሰማው ሁለቱን ነው። እኔም የምሰማው እሱኑ ነው።

ታናሽሽ
ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን