ለባለቤቱ ያልተነበበ ወረቀት

ይድረስ ለአባዬ፤ ጥለኸን ከሄድክ ዓመት ከሁለት ወር ለሆነህ።

ከሁሉ አስቀድሞ ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔ ልጅህ ትርሲት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ብዕርህን ከሣጥን ሰርቄያለሁ። ጥቁሩን፣ ክዳኑ ላይ የጥርስህ ምልክት ያለበትን። ወንድምህ ጋሼ መኩሪያ «ይህ ለወንድ ልጅ ይቆይ» ብለው ቆልፈውበት ነበር። ከእኔ በቀር ልጅ የለህምና ወንድ ልጅ የተባለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተገለጠልንም። ቁልፉን የት እንደሸሸጉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስለሚያወሩ ስርቆቱ አላደከመኝም። ስግደት ካስፈለገ እሰግዳለሁ፤ ብዕሩን ግን አልመልስም።

የምጽፍልህ ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እማዬ በቀኜ ተቀምጣለች። ጋሼ መኩሪያ ፊት ለፊታችን ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ በሽተኛው እሳቸው የሆኑ ይመስል ያቃስታሉ። የምንጠብቀው ከእማዬ ምላስ ላይ ተቆርጣ ለምርመራ አዲስ አበባ የተላከችውን የምስር ፍሬ የምታክል ሥጋ ውጤት ነው። ነቀርሳው ተመልሶባት እንደሆነና እንዳልሆነ ዛሬ ይነገራል። ጭንቁ ለማን ነው የሚነገረው የሚለው ነው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ስለሆነው ነገር ላጫውትህ። የእማዬ ምላስ ሲሶው የለም። ስታወራ ውኃ ጎርሳ የምታወራ ትመስላለች። ሊጠይቋት የሚመጡት ሽማግሌዎች ምላሷ ሲቆረጥ ጆሮዋም አብሮ የሄደ መስሏቸዋል። ገና ከደጅ «አስካለ! እግዜር ይማርሽ!» ብለው ሲጮኹ የሰፈራችን የአቦከር ውሻ በሙሉ ይነሣል። ከዚያ እሷ እዚያው ቁጭ ብላ፣ ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ «ትበላለች? ትተኛለች?» ይሉኛል። አንድ ቀን እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማዬ! ትበያለሽ ወይ እያሉሽ ነው!» አልኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከተቆረጠች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ጋሼ መኩሪያ «ባለጌ» አሉኝ። ስድቡን ለሳቋ ብዬ ተቀበልኩት።

በርበሬ ከቤታችን ወጥቷል። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በየቀኑ የአጃ ሾርባ ይዘው ይመጣሉ። ጾማችንንም ሥጋችንንም ስለሚያውቁ ከአጃና ከጨው በቀር የሚገባበት የለም። «እኔ ቢስሚላህ ብዬበታለሁ፣ አንቺ በስመ አብ በዪበት፤ ሾርባው ከማንም ጋር ጠብ የለውም» ይሏታል።

ሐኪሙ አፍሽን አሠሪው ስላላት፣ እማዬ ንግግር የምትለማመደው ገበያ ውስጥ ነው። በየጠዋቱ በግንብ ወደታጠረው ከተማ ወደ ጀጎል እንገባና ከማታውቃቸው ሽንኩርት ሻጮች ጋር ትከራከራለች። የምትፈልገው ክርክሩን እንጂ ሽንኩርቱን አይደለም። ሻጯ አልገባት ብሎ ወደ እኔ ስታይ፣ ላስረዳ አፌን ስከፍት እግሬን ትረግጠኛለች። ደግማ ትናገራለች፤ ሦስተኛም ትናገራለች፤ እስኪገባቸው። አንዷ ልጅ ፊቷ ላይ የሳቀችባት ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ተራመደች። በማግስቱ ወደዚያችው ልጅ ተመለሰች። ቤታችን በሽንኩርት ሞልቷል፤ አንድ ጭልፋ ወጥ ግን አይሠራበትም።

እስካሁን የቀለድኩት ወደ ወረቀቱ ላለመድረስ ነው።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ጥግ ላይ ጠረጴዛህን ዘርግተህ ለሰው ማመልከቻ ስትጽፍ አንድ ሕግ ነበረህ። ባለጉዳዩ ከየትም ይምጣ፣ የጻፍከውን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለህ ሳታነብለት አውራ ጣቱን ቀለም አታስነካውም። አማርኛው ካስቸገረው በኦሮምኛ ታስረዳዋለህ። «ወረቀት የባለቤቱ ነው። ሳይነበብለት የፈረመ ሰው በሬው ታስሮ ሳለ የተሰረቀበት ሰው ነው» ትል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎንህ ቁጭ ብዬ ስሰማህ፣ እንዳንተ ያለ ጻድቅ በሐረርጌ የለም እል ነበር።

ከዚያ የእማዬ ወረቀት መጣ።

ከምላሷ ሥር ያለው ቁስል አልድን ሲላት ወደዚህ ያመጣሃት አንተ ነህ። ሐኪሙ ካያት በኋላ እሷ ደጅ ቀረች፤ አንተ ገብተህ ወረቀት ይዘህ ወጣህ። «ምን አሉ?» ስትልህ «የጥርስ ነገር ነው፤ በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ» አልካት። አመነችህ። አራት ወር ሙሉ ጨው ተጉመጠመጠች፣ ቅርንፉድ ነከሰች፣ ጠበልም ወስደህ አስጠመቅካት። አራት ወር ሙሉ ከአንድ መሶብ ስትበሉ አይቻችኋለሁ። ያን ጊዜ ከሳህ፤ ሰው ሁሉ ሥራ በዝቶበት ነው አለ።

ከዚያም አንድ ቅዳሜ የሰው ማመልከቻ እየጻፍክ ጠረጴዛህ ላይ ተደፍተህ ቀረህ። «ለክቡር» ብለህ ጀምረህ፣ የትኛው ክቡር እንደሆነ ሳትጽፍ። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ወረቀቱን ቤታችን ድረስ አመጣልን።

በአርባህ ማግስት ልብስህ ሲከፋፈል ካፖርትህ ለጋሼ መኩሪያ ደረሰ። ኪሱን እንድፈትሽ ሰጡኝ። የውስጥ ኪሱ ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት መስመር ነው። የምላስ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳትዘገይ አዲስ አበባ ትሂድ ይላል። «ሳትዘገይ» የሚለው ተሰምሮበታል። እንግሊዝኛ አጥኚ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ ለዚህ ቀን አልነበረም መቼም።

ጋሼ መኩሪያ ምን እንደሆነ ሲገባቸው «ሐዘን ላይ ናት፤ አይነገራትም» አሉ። እኔ ግን ያንተን ሕግ ተምሬያለሁ። ጓዳ ገብቼ ለእማዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ቀኑስ?» አለች። ነገርኳት። በጣቶቿ ወሩን ቆጠረች። አላለቀሰችም። «አብሮኝ እየበላ» አለች።

አዲስ አበባ ያከማት ሐኪም፣ ቀድማ መጥታ ቢሆን ጫፉን ብቻ ነክተን እንለቃት ነበር አለኝ። ይህንንም ነገርኳት። እሷ ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እኔ ደግሞ ለነፍስህ የማደርገውን ጸሎት አቆምኩ። እስካሁን አልጀመርኩም። ቂሜን ቄሱ አያውቁም፤ አንተ እወቀው።

አሁን ደግሞ ከተረፈው ምላሷ ላይ ነጭ ነገር ወጣባት። ቆርጠው ላኩት፤ አምስት ሳምንት ሆነው። የቆረጡ ዕለት ሐኪሙ፣ ፈረንጅ ነው፣ ረጅም ነገር ተናገረ። የሚያስተረጉምለት የሕክምና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ ወደ እማዬ ዞሮ «አይዞሽ ብለዋል» አላት። «ያ ሁሉ አይዞሽ ነው?» አልኩት። ከዚያ የሰማሁትን ራሴ ነገርኳት፦ ክፉ ከሆነ እንደገና ይቆረጣል፣ መንጋጋዋም ሊነካ ይችላል። ድሬሰሩ «አንቺ ልጅ፣ ለበሽተኛ እንዲህ ይባላል?» ብሎ ተቆጣኝ። እማዬ ሐኪሙን ቀጥ ብላ እያየች «መቼ ይታወቃል?» አለችው። እሱ አማርኛ አይሰማም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከድሬሰሩ ወደ እሷ ዞረ።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ውስጥ ሸንጎ ተቀመጡ። ውኃ ሳቀርብ ሰማኋቸው። ውጤቱ ክፉ ከሆነ ለጋሼ መኩሪያ ብቻ ይነገራል፤ እማዬ ጾሙን በሰላም እንድትፈታ እስከ ፋሲካ አትሰማም። አንዱ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ እንዳለባቸው አስታወሱ፤ ደስታ እንዳይበላሽ ወደዚያ ማዶ ይተላለፍ ተባለ። ሌላው ክረምት ሲገባ መንገዱ መጥፎ ነው አሉ። በእነሱ አቆጣጠር እማዬ የገዛ ምላሷን ወሬ የምትሰማው ለመስቀል ነው። ለሟች ዘመድ መርዶ እንኳ ቢቆይ ቢቆይ ሊነጋጋ ሲል ይነገራል።

እትዬ ዘይነባ በሚያዋስነን ግንብ በኩል ሰምተው ኖሮ ለጋሼ መኩሪያ «በሽታው የሷ፣ ወሬው የእናንተ! ወላሂ እንዲህ ያለ ድርሻ ክፍፍል አይቼ አላውቅም» አሏቸው። ጋሼ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስለ ዝናቡ አነሡ።

እኔ ግን ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለእትዬ ዘይነባ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና «ጻፊልኝ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ብዕርህን የሰረቅኩት። አንተ እንደምታደርገው ከራስጌው ባዶ ቦታ ትቼ፣ ጉዳዩን መሃል ላይ አሰፈርኩ፦ የምርመራ ውጤቴ ለእኔ ለራሴ እንዲነገረኝ ስለ መጠየቅ። «እኔ አመልካች ወይዘሮ አስካለ፣ ምላሴ ቢጎድልም ጆሮዬና ልቤ ሙሉ ናቸው። ከዚህ ቀደም የእኔ የሆነ ወሬ ከእኔ ተሰውሮ ከአራት ወር በላይ አልፎብኛል። ስለዚህ ደግም ሆነ ክፉ፣ በማንም ዘመድ በኩል ሳይዞር፣ በቀጥታ እንዲነገረኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» «በትሕትና» የሚለውን አስወጪው አለችኝ። አስወጣሁት።

አንብቤላት ስጨርስ አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘረጋችና ቆመች። «ሌላ ያልተነበበልኝ ወረቀት አለ?» አለችኝ።

አባዬ፣ ነበረ። ከዚያ ከካፖርትህ ኪስ፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር፣ በእጅህ የጻፍከው ቁራጭ ወጥቶ ነበር። ባቡሩ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣባቸው ቀኖች ናቸው። አንዱን ቀን በቀይ ከብበህ ሰርዘኸዋል። ሁለተኛውን ከብበህ ሰርዘኸዋል። ሦስተኛውንም። ልትነግራት ሦስት ጊዜ ተነሥተህ ሦስት ጊዜ ወኔ ከድቶሃል ማለት ነው። ይህን ቁራጭ ዓመት ሙሉ ደብቄባት ነበር። እንዳታዝን ብዬ ነው ብልህ እዋሻለሁ። እንዳትምርህ ብዬ ነው። ሰው ወረቀት ሲደብቅ ምክንያቱ ለራሱ ምን ያህል የሚያምር እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ከደብተሬ አውጥቼ አነበብኩላት። «ሦስት ጊዜ?» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ በአርባህ ያላለቀሰችውን፣ አዲስ አበባም ያላለቀሰችውን። እኔ ግን ተናደድኩ። ምላሷን አስከፍለሃት እንባዋንም በሦስት ቀይ ክብ ወሰድክ። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠርጋ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ማመልከቻው ላይ አጥብቃ ተጫነች።

ድሬሰሩ ወረቀቱን አየት አድርጎ ፈገግ አለና ፋይሉ ውስጥ ከተተው። ይሠራበት አይሠራበት አናውቅም። ጋሼ መኩሪያ ሲሰሙ «አባትሽ ቢኖር ይህን ያስጽፍሽ ነበር?» አሉኝ። «አባቴ ቢኖርማ ይደብቀው ነበር» አልኳቸው። ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። እንዳሰብኩት ግን ደስ አላለኝም።

ዛሬ ጠዋት ከእኛ ቀድመው እዚህ ደረሱ። ካፖርትህን ለብሰዋል። እማዬ እጆቿን ጭኗ ላይ ደራርባ በሩን ብቻ ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ብል፣ ስትገባ የምትጠይቀውን ጥያቄ እየተለማመደች ነው። ምን ያህል ይቆረጣል። መብላት እችላለሁ ወይ። መናገርስ። አንዱ ቃል አልወጣላት እያለ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ እንደገና ትጀምራለች።

አባዬ፣ አልረሳህም። በሙት ዓመትህ ሽማግሌዎቹ «ደግ ሰው ነበር» ብለው ጨረሱህ። እኔ ግን ሙሉህን ነው የምይዝህ፤ ለማያውቀው ገበሬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ የሚያነብለትን ሰውዬም፣ ሚስቱ ስትጉመጠመጥ አጠገቧ ቆሞ ዝም ያለውንም። ሁለቱንም አስታውሳለሁ፤ አንዱን በሌላው አላጠፋልህም። ጸሎቱን ወደፊት እናያለን።

በሩ ተከፈተ። ድሬሰሩ ፋይል ይዞ ወጥቷል። «የወይዘሮ አስካለ አስታማሚ!» ብሎ ተጣራ። «አስታማሚ» ነው ያለው። ጋሼ መኩሪያ ከዘራቸውን ይዘው እየተነሡ ነው።

እማዬ ቀድማቸው ተነሣች። መዳፏን ካፖርትህ ላይ፣ ደረታቸው ላይ አድርጋ፣ በቀስታ መልሳ አስቀመጠቻቸው። «አስካለ እኔ ነኝ» አለችው። ድሬሰሩ ጋሼ መኩሪያን አየ። ፋይሉን ገልጦ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የጣቷን አሻራ አየ። ከበሩ ዘወር አለላት።

ደፉ ላይ ደርሳ ዞር ስትል አጎንብሼ ስጽፍ አየችኝ። እየጠራችኝ ነው። ስሜ አልቀና ብሏት ደገመችው፤ አሁን ሦስተኛዋ ነው፤ ኮሪደሩ በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል። ትርሲት፣ ትላለች። ትርሲት!